የጓሳው ኮከብ አንሺ

የታዲዮስ አስከሬን የተገኘው በመንዝ፣ በጓሳ ሣር ሜዳ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ከገደሉ ግርጌ፣ በአስታ ቁጥቋጦና በድንጋይ መካከል ነበር። ከላይ አፋፉ ላይ ካሜራው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያው እንደተተከለ ሰማይ ሰማይ ያያል። አስከሬኑን ለማንሣት የወረዱት ሰዎች ሁሉ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «ኮከብ ሲያይ መሬቱን ረሳው።»

ታዲዮስ በመሐል ሜዳ ከተማ ፎቶ ቤት ነበረው። ቀን ቀን የመታወቂያና የሠርግ ፎቶ ያነሣል፤ ጨረቃ በማትወጣበት ሰሞን ደግሞ ወደ ጓሳ ይወጣና ከዋክብት ሲያነሣ ያመሻል። አንዳንዱ እብድ፣ አንዳንዱ ሰላይ ይለው ነበር። እሱ ግን «እንዲህ ያለ ጨለማ በዓለም ላይ የቀረው ስንት ቦታ ነው? ይሄም ሀብታችን ነው» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

በ2007 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ኢንስፔክተር ጽናት መርስዔ ኃዘን ከደብረ ብርሃን ተልካ ገደሉ አፋፍ ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። የዚያው የመንዝ፣ የዘመሮ ከተማ ልጅ ናት፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ የሚያናግራትን ሰው ዐይን ዐይኑን የምታይ። ገና ከመኪና ሳትወርድ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«አደጋ ነው» አላት። «መዝግቢና ዛሬውኑ ተመለሺ። ምርጫ ደርሷል፤ አገር የሚያምስ ወሬ አልፈልግም።»

«ገደሉን ሳላይ አደጋ ነው አልልም፣ ጌታዬ።»

«ጽናት!»

«አይቼ እደውላለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ቀድሟት የደረሰው ሳጅን ስንታየሁ ካሜራውን ማንም እንዳይነካው ሲያስጠብቅ ነበር የቆየው። ጽናት ማቆሚያውን ዞረችው። አንደኛው እግር እርጥቡ መሬት ውስጥ ሰምጦ ካሜራው ወደ ጎን አዘንብሏል። በካሜራውና በማቆሚያው መካከል ከጡብ የማትበልጥ ጥቁር መሣሪያ አለች፤ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋለች። በጎኗ ባለው ብሎን ላይ የነበረ ቀይ ቀለም ተሰነጣጥቋል፤ ጠቋሚዋም ሃምሳ ቁጥር ላይ ቆማለች። የካሜራውን ጎን ስትከፍት የፎቶ መያዣ ካርዱ የለም።

«ካርድ የሌለው ካሜራ ምን ሊያነሣ ነው የተተከለው?» አለች።

ስንታየሁ ትከሻውን ሰበቀ። «ዱካም የለም። ንጋት ላይ የጣለው የበልግ ካፊያ አጥቦታል።»

ጽናት ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች። በስተ ምሥራቅ ገደሉ ነው። በስተ ሰሜን፣ በግራ እጇ በኩል፣ ድንጋያማ ኮረብታ እንደ ግድግዳ ተገትሯል። ከዚያ ገመድ አስይዛ ወደ ግርጌው ወረደች። አስከሬኑ በነበረበት አጠገብ፣ ከገደሉ ሻካራ ድንጋይ ጋር የማይመሳሰል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘች። በአንድ ፊቱ ሾጣጣ ብረት የቆረቆረው ጠባሳ አለበት፤ ካፊያው ባልደረሰበት የታች ጠርዙ ላይ ደምና ጠጉር ደርቋል። በጨርቅ ጠቅልላ ያዘችው።

ለቅሶው ቤት ስትገባ የታዲዮስ ሚስት ይታይሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ እንባዋ አልቆ ሳይሆን ቁጣዋ ስለቀደመ ነው።

«ወደቀ ይሉኛል» አለች። «የእኔ ባል በዚያ ሜዳ ዐይኑን ጨፍኖ ይሄዳል። አልወደቀም።»

«ማን ይጠላው ነበር?»

«አባቴን ያሳሰረው ሰው።»

ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት። ባለፈው ወር የጓሳው ሣር ተቃጥሎ ነበር። ጓሳ የወል ነው፤ መቼ እንደሚታጨድ፣ መቼ እንደሚዘጋ ሕዝቡ በራሱ ደንብ ይወስናል። እሳቱን ያስነሡት ደንብ የጣሱ አጫጆች ናቸው ተባለና አባቷ አቶ ተገኘ ታሰሩ። «ሕዝቡ ጓሳውን መጠበቅ አልቻለም፤ ስለዚህ ለባለሀብት ይሰጥ» የሚል ወሬም ተከትሎ መጣ።

«በዚያ ምሽት ታዲዮስ ጓሳ ነበር» አለች ይታይሽ። «ያነሣው ፎቶ ላይ ኮከቦቹ ጥርት ብለዋል፤ ከሥር መሬቱ ደብዝዞ በመሐሉ ቀይ ሰረዝ አለ። የመኪና የኋላ መብራት ነው አለኝ። እሳቱ የጀመረው ከሰረዙ ጫፍ ነው። እዚያ አጫጅ አይደርስም፤ መንገድም ስለሌለ መኪና ያለ ምክንያት አይገባበትም።»

«የማን መኪና?»

«ስሙን አልነገረኝም። መኪናውን ግን ሲመለስ አይቶ ለይቶታል። ‹እሑድ በጓሳው ስብሰባ ላይ አሳያለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለራሱ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፤ ሰው ከጀርባው አልወጋም› አለኝ። ላፕቶፑንም ካርዱንም ይዞ ወጣ። ሁለቱም አልተመለሱም።»

ጽናት ስንታየሁ በስልኩ ያነሣውን የመሣሪያዋን ፎቶ አሳየቻት። «ይቺ ቀይ ቀለም ምንድን ናት?»

ይታይሽ በፎቶው ላይ ያለውን ቀለም በጣቷ ዳሰሰች። «የጥፍር ቀለሜ ናት። ያቺ ብሎን እየላላች ስታስቸግረው ‹ቀለም ቀብተህ አትማት› አልኩት። አሥር ቁጥር ላይ አተማት። ከዚያ ወዲህ ነክቷት አያውቅም።»

ታዲዮስ ከመሞቱ በፊት ባለው ቀን ከጓደኛው ከማዕረግ ጋር ገበያ መሐል ሲጨቃጨቅ ብዙ ሰው አይቷል። ማዕረግ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ኮከብ ማንሣቱን የጀመሩት አብረው ነው። ጽናት ከትምህርት ቤቱ አስጠርታ ታዲዮስ ሁልጊዜ ካሜራውን ወደሚተክልበት ቦታ እንዲወስዳት አደረገች።

ማዕረግ ወደ ገደሉ አልመራትም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከገደሉ ብዙ ርቃ ወዳለች ራሰ በራ ጉብታ ይዟት ወጣ።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለችው እየወጡ።

«ፎቶውን አታሳይ አልኩት። አንተ የራስህ ፎቶ ቤት አለህ፤ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ በአንተ ሰበብ ልባረር ነው አልኩት።» ማዕረግ ቆመ። «‹ፈሪ› አለኝ። ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።»

«የማን መኪና እንደሆነ ነግሮሃል?»

«ልስማ አላልኩም። ጆሮዬን ነው የያዝኩት።»

ጽናት አልፈረደችበትም። «ያቺ መሣሪያ ምን እንደምትሠራ አስረዳኝ። እንደ ተማሪህ ቁጠረኝ።»

አስተማሪነቱ ትንሽ አበረታው። «ተከታይዋ ነው የምንላት። ምድር ስለምትዞር ካሜራውን ቆልፈው ለረዥም ደቂቃ ቢያነሱ ኮከቦቹ ጭረት ይሆናሉ። ተከታይዋ ግን ሰማዩ በሚዞርበት ልክ ካሜራውን ቀስ አድርጋ ታዞረዋለች። ኮከቦቹ ነጥብ ሆነው ይቀራሉ፤ በፈንታው መሬቱ ይደበዝዛል።»

«ሰማዩ በምን ዙሪያ ነው የሚዞረው?»

«በሰሜን ኮከብ አጠገብ ባለ ነጥብ። መሣሪያዋ ወደዚያ ካላነጣጠረች ዋጋ የላትም። በውስጧ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ የሰሜን ኮከብን አይተን ነው የምናስተካክላት። አውሮፓ ውስጥ ኮከቡ ከፍ ብሎ ይታያል፤ እኛ ዘንድ ግን ከአድማስ እምብዛም አይነሣም። ስለዚህ እዚህ ጠቋሚዋ አሥር ላይ ነው የምትውለው፤ መሣሪያዋ ልትተኛ ጥቂት ነው የሚቀራት።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ስንጀምር አላወቅንም። በሳጥኗ ላይ በተሣለው ሥዕል አይተን ቀጥ አድርገን አቆምናት፤ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቻችን በሙሉ ጭረት ሆኑ። ኮከቡን ለማግኘት በስተ ሰሜን ምንም የማይጋርደው ቦታ ስንፈልግ ነው ይቺን ጉብታ ያገኘናት።»

ጽናት መሬቱን ታይ ነበር። የማቆሚያው እግሮች እንዳይሰምጡ ታዲዮስ ያነጠፋቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ፤ ሁለቱ በቦታቸው አሉ። ሦስተኛው የነበረበት ጉድጓድ ባዶ ነው። የጠቀለለችውን ድንጋይ አውጥታ አስቀመጠችበት። ልክ ገባ።

ማዕረግ ደሙን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው የጓሳው ጥበቃ ዱባለ ነበር። ጋቢውን ተከናንቦ ከፈረሱ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት።

«ጋሼ ዱባለ፣ ከታዲዮስ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ። በተዘጋው ሣር ላይ እየተራመደ አስቸግሮኝ። ኋላ ግን ፎቶውን አሳየኝ፤ ዕድሜ ልኬን ያደርኩበትን ሰማይ ያኔ ገና አየሁት። ከዚያ ወዲህ ምን ጠብ አለ?»

«የሞተ ዕለት ሲመሽ በዚህ በኩል ማን አለፈ?»

ሽማግሌው የፈረሱን ልጓም መፈታታት ያዘ። «ጭጋግ ነበር፣ ልጄ። አላየሁም።»

ያን ዕለት ምሽት ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበር ይታይሽም ማዕረግም ነግረዋታል። ዱባለ መዋሸት አልለመደም፤ ውሸቱ አንገቱን አስደፋው።

«በጓሳው ላይ ማን ነው የሾመዎት?» አለችው።

«ሕዝቡ። በአባቶቻችን ሕግ።»

«ሌላ ሹም የለበትም?»

«የለበትም።»

«እንግዲያ ትዝ ያለዎት ዕለት ለሕዝቡ ይነግሩታል» አለችና ሄደች።

ከሟቹ ወዳጆች ሳይጠየቅ የቀረው አስቻለው የሚባል ሰው ነው። አስቻለው በወረዳው ትልቅ ሹመት ያለው፣ ነጭ ፒክአፕ የሚነዳ፣ ሞቅ ያለ ሰው ነው። ቢሮው ስትገባ ከወንበሩ አልተነሣም።

«አንቺ ነሽ መርማሪዋ? አዘንን። ታዲዮስ ወዳጄ ነበር። ያቺን መሣሪያ ከጀርመን የላከለት የእኔ ወንድም ነው። ሳጥኗ እኮ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ሰንብታለች፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሥዕሏን እያየ ምንድን ናት ይለኝ ነበር።»

«የሞተ ዕለት አይተውታል?»

«እንዴታ! ከሞላሌ ከተማ ስመለስ፣ ፀሐይ ጠልቃ ዐይን ለመያዝ ሲቃረብ፣ ከመኪና ወርጄ ሰላም አልኩት። በዚያች ትንሽ ቀዳዳ የሰሜን ኮከብን ሲያነጣጥር ነበር። ‹ቆይ፣ አገኘሁት፤ አታናውጥብኝ› አለኝ። ሥቄ ሄድኩ።»

«የት ላይ ነው ያዩት?»

«እገደሉ አፋፍ ላይ፣ ካሜራው አሁን በተተከለበት። ተጠንቀቅ ብዬው ነበር።»

«መሣሪያዋም አሁን እንዳለችው ነበረች?»

«ቀጥ ብላ፣ ወደ ሰማይ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሑድ ስብሰባ አለ። ስለ ጓሳው ትልቅ የልማት ውሳኔ የሚነገርበት ነው። ሕዝቡን የሚያነሣሣ ነገር ይዘሽ እንዳትመጪ። አለቃሽን አውቀዋለሁ።»

«እሱም እርስዎን እንደሚያውቅ ከስልኩ ገብቶኛል» አለችና ወጣች።

በማግሥቱ አለቃዋ ደግሞ ደወለ። «አደጋ አይደለም ካልሽ ጥበቃውን እሰሪው። ፈረስ አለው፤ አስከሬን ሊያጓጉዝ ይችላል።»

«ፈረስ ስላለው ከታሰረ መንዝ በሙሉ ይታሰራል።»

«ከሥራሽ መነሣት ትፈልጊያለሽ?»

«ከሥራዬ መነሣት ካለብኝ ሠርቼ ልነሣ» አለችው። ከዚያም መሐል ሜዳ ወደ ዳኛው ሄዳ የመኪና መፈተሻ ማዘዣ ጠየቀች፤ ዳኛውም ድንጋዩን አይቶ ፈረመላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ተሰበሰበ። ጉብታዋም፣ ገደሉም፣ ኮረብታውም ከዚያ ሆነው ይታያሉ። ስብሰባውን የሚመሩት ሽማግሌው አቶ ወልደ ጻድቅ ናቸው። አስቻለው ፒክአፑን አቁሞ ከፊት ተቀመጠ። ጽናት ከማዕረግ፣ ከዱባለና ከይታይሽ ጋር መጣች፤ ካሜራውን ከነማቆሚያው መሐል ላይ አስቆመች።

«አባቶች፣ ከልማቱ በፊት ስለ ሞተው ልናገር» አለች።

«ይቺ ሴት ፈቃድ የላትም!» አለ አስቻለው።

አቶ ወልደ ጻድቅ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «የጓሳው ጉባኤ የጓሳው ነው። ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ታዲዮስ ከዚያ ገደል ወድቆ ሞተ ተባለ» አለች ጽናት። «እኔ ግን ሦስት ነገር አየሁ። አንደኛው ይኸው ነው።» ጠፍጣፋውን ድንጋይ ከፍ አደረገች። «ታዲዮስ ማቆሚያው እንዳይሰምጥ እዚያ ጉብታ ላይ ካነጠፋቸው አንዱ ነው። ደም አለበት፤ የተገኘውም ገደል ሥር ነው። ድንጋይ በራሱ አይሄድም። ስለዚህ ታዲዮስ የተመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ከዚያ፣ ርቀቱ የሰው ሸክም አይደለምና፣ እሱም ድንጋዩም በመኪና ወደ ገደሉ ተወሰዱ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ሁለተኛ፣ ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ካሜራውን አፋፍ ላይ ተከለው። ማዕረግ፣ ተከታይዋን ታዲዮስ እንደሚተክላት አድርገህ አሳያቸው።»

ማዕረግ ብሎኑን አላልቶ መሣሪያዋን ዝቅ አደረጋት። ልትተኛ ጥቂት ነው የቀራት።

«በአገራችን ሥራዋን የምትሠራው እንዲህ ሆና ነው። ታዲዮስ በሚስቱ የጥፍር ቀለም አሥር ቁጥር ላይ አትሟት ነበር። አፋፉ ላይ ሳገኛት ግን ማኅተሙ ተሰብሮ ወደ ሃምሳ ተነሥታለች። ገዳዩ በዝቅታዋ የተበላሸች ወይም የወደቀች መስላው ቀጥ አደረጋት። ማዕረግ ይህን አያደርግም፤ ያውቃታል። ጋሼ ዱባለ አያደርጉም፤ ቀጥ ማለት እንዳለባት የሚነግር ምንም አላዩም። ያደረገው ሳጥኗ ላይ ያለውን የአውሮፓ ሥዕል ያየ፣ ግን ሠርቶባት የማያውቅ ሰው ነው።»

የአስቻለው ሣቅ ጮኾ ተሰማ። «ሰው አይሳሳትም? ራሱ ታዲዮስ አሳስቶ ቢተክላትስ? እኔ ሲያነጣጥር በዐይኔ አይቻለሁ!»

«ሦስተኛው እሱ ነው» አለች ጽናት ወደ እሱ ዞራ። «ቃልዎን ይድገሙት። የት ቆሞ ምን ሲያይ አዩት?»

አስቻለው ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየ።

«አፋፉ ላይ ቆሞ የሰሜን ኮከብን ሲያይ፣ ‹አገኘሁት› ሲል ሰማሁ ብለውኛል። አባቶች፣ ከዚያ አፋፍ ሰሜን በየት በኩል ነው?»

ከሺህ እጅ በላይ አንድ ላይ ወደ ኮረብታው ጠቆመ።

«የሰሜን ኮከብ እዚህ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው። ከዚያ አፋፍ በኮረብታው ይጋረዳል። ታዲዮስ ኮረብታውን በስቶ ካላየ በስተቀር ያንን ኮከብ ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ አቶ አስቻለው ያዩት ነገር አልነበረም። ያልነበረን ነገር በዐይኔ አየሁ የሚል ሰው የነበረውን የሚደብቅ ነው።»

«ውሸት ነው ብትዪም መግደል አይደለም!» አስቻለው ተነሣ። «መኪና ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ?»

ያኔ ዱባለ ጋቢውን ከትከሻው ጣለ።

«ጭጋግ አልነበረም» አለ። «ዋሽቻለሁ። ሊመሽ ሲል የዚህ ሰውዬ ነጭ መኪና ጉብታው ሥር ቆሞ ነበር። በሸራ የተሸፈነ ነገር ሲጭን ደረስኩበት። ‹አላየህም› አለኝ። ልጆቼ ሥራ የገቡት በእሱ ፊርማ ነው፤ አላየሁም አልኩ። በማግሥቱ የታዲዮስን ሬሳ ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ ያን ጊዜም መኪናውን አላየሁም አልኩ።» እጁን ወደ አስቻለው ዘረጋ። «አሁን ግን አይቼሃለሁ! ልጆቼንም ከሥራ አባር፤ አይቼሃለሁ!»

አስቻለው ወደ መኪናው ሮጠ። ሰው ግን ከመኪናው ፊት ቆሞ ጠበቀው፤ ማንም አልነካውም፣ ማንም አልተንቀሳቀሰለትም። ሳጅን ስንታየሁ ማዘዣውን አሳይቶ ከኋላ ያለውን ትርፍ ጎማ አነሣ። ከሥሩ ደም የነካው ሸራና የታዲዮስ ላፕቶፕ ከነካርዱ ወጡ። አስቻለው ደብቆት ነበር እንጂ ሊጥለው ድፍረት አላገኘም።

«ሣር ነው!» ብሎ ጮኸ አስቻለው እጁ ሲታሰር። «ለሣር ብላችሁ ነው እንዲህ የምትሆኑት? አገር የሚለውጥ ባለሀብት ባመጣ! አታሳየው ብዬ ለመንኩት፤ ፊቴ ላይ ሳቀ!»

«ሣር ነው» አሉ አቶ ወልደ ጻድቅ። «ግን የእኛ ነው። አንተም አቃጠልከው፤ የሚመሰክርብህንም ገደልከው፤ አልሆነልህም።»

የጽናት ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነገሩን ከሌላ ሰው ሰምቷል። «ሰውየውን በጸጥታ አምጪው» አለ። «ስብሰባውንም በትኚ።»

«ገዳይ እንድይዝ ተልኬ ይዣለሁ» አለች ጽናት ሁሉም እየሰማት። «ሕዝብ መበተን ግን ሌላ ሰው ይፈልጉለት።»

አቶ ወልደ ጻድቅ ይህን ሲሰሙ ከቆሙበት መሬት ላይ ተቀመጡ። «ተገኘ ባልለኮሰው እሳት ታስሮ እኛ ወደ ቤታችን አንገባም። እስኪመጣ እዚህ ነን።»

ሕዝቡ ተከትሏቸው ተቀመጠ። ሁለት የሚሊሻ አባላት መጥተው ተነሡ አሉ፤ ማንም አልተነሣም። ካፊያ ጣለ፤ ማንም አልተነሣም። ጽናት ሳጅኑን ከእስረኛው ጋር ልካ እሷ ከይታይሽ ጎን ቁጭ አለች። ማዕረግ መሐላቸው ቆሞ፣ ቀዩን ሰረዝ እያመለከተ፣ የታዲዮስን ፎቶ ከላፕቶፑ ላይ ለአንድ ለአንዱ አሳየ፤ ድምፁ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየጠነከረ ሄደ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከመሐል ሜዳ በኩል አንድ የፖሊስ መኪና መጣ። አቶ ተገኘ ከስተው፣ ጺማቸው አድጎ ወረዱ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ብድግ ሲል ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ኋላ ልጃቸው ስትሮጥ አዩና እጃቸውን ዘረጉ። እስር ቤት ሳሉ ማንም ምንም አልነገራቸውም ነበር።

ይታይሽን አቅፈው በትከሻዋ ላይ አሻግረው ሰዉን ቃኙ። አንድ ፊት ፈለጉ፤ አጡት። ከዚያ ነጠላዋ የተዘቀዘቀ መሆኑን አዩ።

«ታዲዮስስ?» አሉ በዝግታ። «ያስፈታኝ እሱ አይደለም?»

«እሱ ነው፣ አባዬ» አለች ይታይሽ። በለቅሶው ሁሉ ያልወረደው እንባዋ አሁን ወረደ፤ ራሷን ግን ቀና እንዳደረገች ነበር። «ያስፈታዎት እሱ ነው።»